የማን ልጅ ናት?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2024፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ዕለት፣ ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ ፊት የቀሩት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ትዕግሥት አሰፋ የኢትዮጵያን፣ ሲፋን ሐሰን የሆላንድን መለያ ለብሰው ጎን ለጎን ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረቡ ክንድ ለክንድ ተገፋፉ፤ ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፣ ትዕግሥት ከእሷ 3 ሰከንድ ዘግይታ ገቡ። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። ሩጫው በቶሮንቶ ሰዓት የተጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበርና ከእኛ መካከል እንቅልፉን ሠውቶ ያየው ጥቂት አይደለም። ዕለቱ የፍልሰታ ጾም እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የተነሣው ክርክር ግን ስለ ክንድ አልነበረም። አንዱ «ወርቁም ብሩም ቤታችን ገባ» ሲል፣ ሌላዋ «ወርቁስ ለሆላንድ ነው፤ የእኛው ልጅ ናት የቀማችን» አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የተናገሩት።

እኔን የያዘኝ «የቀማችን» የሚለው ቃል ነው። መቀማት ባለቤትን ይጠይቃል። ለመሆኑ የአንዲት ሴት እግርና ሳንባ ባለቤቱ ማን ነው? አገር በልጆቹ ችሎታ ላይ ምን ዓይነት መብት አለው? ጥያቄው ስለ አንዲት ሯጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ጋዜጠኞች እተወው ነበር። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ በእጁ የያዘ አንባቢ አብዛኛው ከአገሩ የወጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በእያንዳንዳችን ደጅ ይቆማል።

ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ2008 በ15 ዓመቷ በስደት ሆላንድ ገባች። እዚያ የነርስነት ትምህርት ጀመረች፤ ሩጫውንም በዚያው ቀጠለች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች። በቶክዮ (ውድድሩ የተካሄደው በ2021 ነው) በአንድ ዕለት ጠዋት በ1500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ ወድቃ ተነሥታ ማጣሪያውን አንደኛ ሆና ጨረሰች፤ በዚያው ማታ የ5000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። የ10,000 ሜትሩንም ወርቅ ጨመረች። በዚያ የ10,000 ሜትር ሩጫ ሁለተኛዋ ለባሕሬን የሮጠችው ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ሦስተኛዋ ለኢትዮጵያ የሮጠችው ለተሰንበት ግደይ ነበረች። ሦስቱም ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ ከመድረኩ በላይ የተሰቀሉት ግን ሦስት የተለያዩ ባንዲራዎች ነበሩ። ያን ምስል ያየ ሰው ኩራትና ቅሬታ በአንድ ደረት ውስጥ ምን ያህል ተፋፍገው መኖር እንደሚችሉ ያውቃል።

«የእኛ ናት» የሚለው ወገን የሚያቀርበው የመጀመሪያ ክርክር የደም ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ እንድናገር ይፈቅድልኛል። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው አካል የአየሩን መሳሳት ለመቋቋም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ሯጮች ወደ ከፍታ የሚወጡትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ልጅቱ ሆላንድ በገባች በ5ኛው ወር ከአገሯ ይዛው የመጣችው ቀይ ሕዋስ አልቆ፣ በሥርዋ የሚዞረው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል አገር የተሠራ ደም ሆኗል ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፤ ሙሉው እውነት ግን እሱ ብቻ አይደለም። በደጋ ማደግ በደረትና በሳንባ ላይ የሚተወው አሻራ አለ፤ ከወላጅ የሚወረሰውም አለ። ይሁን እንጂ ተራራውን የሠራው መንግሥት አይደለም፤ አያቶቿንም የትኛውም ሚኒስቴር አልወለዳቸውም። አገር ለሰጠው ነገር ዋጋ መጠየቅ ይችል ይሆናል፤ እግዚአብሔር ለሰጠው ግን ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም።

ሁለተኛው ክርክር የውለታ ነው፤ ይህኛው ከበድ ይላል። «አገር አሳድጎ፣ አስተምሮ...» ይባላል። ነገር ግን ውለታን በሚገባ ከመረመርነው ከሯጯ ይልቅ የሚከብደው በእኛ ላይ ነው። ሲፋንን ያሠለጠናት፣ ጫማ የገዛላት፣ መጠለያ የሰጣት ሌላ አገር ነው። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ በሕዝብ ገንዘብ ተምሬ፣ በ1988 መንግሥት መርጦኝ ሕክምና እንድማር ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላክሁ ሰው ነኝ። በ1991 ግንቦት የላከኝ መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት መስከረም የምማርባት ከተማ ሌኒንግራድ መባሏ ቀርቶ ቅዱስ ፒተርስበርግ ሆነች፤ በታኅሣሥ ደግሞ የተቀበለኝ አገር ራሱ ከካርታ ላይ ጠፋ። በ1995 ዲፕሎማዬን የሰጠኝ ስገባ ያልነበረ መንግሥት ነው። ለዳቦና ለሾርባ ተሰልፈው የኖሩት የዚያ አገር ሠራተኞች ትምህርቴን ከፍለዋል፤ እነሱን አንድም ቀን አላከምኳቸውም። አገሬ ተመልሼ ጥቂት ዓመታት ሠራሁ፤ ከዚያ ወደ ካናዳ መጣሁ፤ ፈተናውን እንደገና ተፈትኜ እነሆ የማያውቁኝን ሰዎች ልብ አዳምጣለሁ። ታዲያ የእኔን ዕዳ ማን ይሰብስብ? «ሺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ» የሚለው አባባል ከአፍ አፍ የሚተላለፈው ማንም ቆጥሮ ስላረጋገጠው ሳይሆን ወቀሳው ስለሚያሳክክ ይመስለኛል።

ከዚህ ተነሥቼ ዕዳ የሚባል ነገር የለም አልልም። አለ፤ ነገር ግን ዕዳ ፊትና ስም ላለው ሰው ነው። በበቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ነው። ከእሱ እጅ የወጣ ልጅ በየትኛውም ዓለም ቢሮጥ ለእሱ ዕዳ አለበት፤ ባንዲራ ቢለውጥ ዕዳው አይሰረዝም፤ ባይለውጥም አልተከፈለም። እኔም ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን የማስባቸው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ወቀሳ ልመለስ። በዚያ አዳራሽ ከነበርነው አብዛኞቻችን እጃችንን አንሥተን ለንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛና ለወራሾቿ ታማኝ ልንሆን የማልን ሰዎች ነን። መሐላው ሲጠናቀቅ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ኬክ ቆርሰን፣ ወደ ቤታችን ሄደን ዶሮ ወጥ በላን። ማናችንም «ቀማኛ» አልተባልንም። ልዩነቱ የእኛ መለያ የማይታይ መሆኑ ነው። ሐኪም ነጭ ጋውን ይለብሳል፤ ታክሲ ነጂም መኪናው ላይ ባንዲራ አይሰቅልም። ሯጯ ግን የለወጠችውን አገር ደረቷ ላይ ለጥፋ በዓለም ፊት ትሮጣለች። እኛ በጸጥታ ያደረግነውን እሷ በአደባባይ ስላደረገችው ብቻ ነው የምንቀየማት።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስለን፣ የምንኖርባት ከተማ የራሷ ታሪክ አላት። ጃማይካ ተወልዶ ቶሮንቶ ያደገው ቤን ጆንሰን በ1988 በሴኡል 100 ሜትሩን በ9.79 ሰከንድ ሲያሸንፍ ካናዳዊ ነበር፤ በ3ኛው ቀን አበረታች መድኃኒት ተገኝቶበት ሜዳሊያው ሲነጠቅ «ጃማይካ የተወለደው ሯጭ» ሆነ። ጥቁሮች የቶሮንቶ ነዋሪዎች ይህን እስከ ዛሬ በመራራ ሣቅ ያወሩታል። እኛም ዘንድ ተመሳሳዩ ደርሷል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሔዋን አብዬ ቱርክ ሄዳ ኤልቫን አቤይለገሠ ተባለች፤ በ2004 የ5000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር «የእኛው ልጅ» ነበረች። በ2008 ቤጂንግ ላይ በሁለቱም ርቀት ከጥሩነሽ ቀጥላ ገባች። በ2017 ውጤቷ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሲሰረዝ ግን በመካከላችን «ቱርካዊቷ» ነበር የምትባለው። እናትነት በድል ቀን ብቻ የሚታወስ ከሆነ እናትነቱን እጠራጠራለሁ።

ስም ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ዘነበች ቶላ የምትባል ወጣት ስዊዘርላንድ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቃ፣ በመጨረሻ በባሕሬን ዜግነት መርየም ዩሱፍ ጀማል ሆና በ2007ና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በለንደን 2012 ከፊቷ የገቡት ሁለቱ ቱርካውያት ኋላ ስለተሰረዙ የባሕሬን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ የእሷ ሆነ። ስሙ የተለወጠው በውድ ነው ወይስ በግድ? በስደት አገር ይህን መለየት አስቸጋሪ ነው። የሥራ ማመልከቻው እንዳይጣል ስሙን ያሳጠረ ጓደኛ የሌለው አንባቢ እስኪ እጁን ያንሣ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። ከስደት የተነሣ ዜግነትና ከገበያ የተነሣ ዜግነት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውን ይቀበላል፤ ሁለተኛው እግርን ይገዛል፤ እግሩ ሲደክም ሰውየው ምን እንደሚሆን አይጨነቅም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2017 የዜግነት ዝውውሩን አግዶ፣ በ2018 የሦስት ዓመት መጠበቂያና የ20 ዓመት የዕድሜ ገደብ ያወጣው ገበያው ልጆችን ጭምር መግዛት ስለጀመረ ነው። ደንቡን እደግፋለሁ። በሌላ በኩል ገበያውን የፈጠረው የእኛው ሀብት መብዛት መሆኑም አይካድ፤ ለአንድ ርቀት ከአንድ አገር የሚፈቀደው ሦስት ሰው ነው፤ በኢትዮጵያ አራተኛ የወጣች ሴት በሌላ አገር አንደኛ በሆነች ነበር። ቤቷ ተቀምጣ ዕድሜዋ ይለፍ ማለት ቀላል ነው፤ ለተናጋሪው።

አንድ ወዳጄ የሰሎሞንን ፍርድ ጠቀሰልኝ፤ እውነተኛዋ እናት ልጁ ከሚሞት በሌላዋ እጅ ይኑር ያለችው ናት። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን አይገጥምም። የሰሎሞን ሕፃን መናገር አይችልም ነበር። የእኛዎቹ ይናገራሉ፤ ይሮጣሉም። ሁለቱ እናቶች ሲጨቃጨቁ ተነሥቶ የሄደ ልጅ ሲያጋጥም ንጉሡ ምን ይፈርድ ኖሯል?

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የትዕግሥት ነገር ነው። ስለ ሄዱት ስንከራከር የቀረችውን እንረሳለን። ትዕግሥት በ2016 ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠች ናት፤ የተረከዝ ጅማቷ ታመመና ወደ ጎዳና ሩጫ ዞረች። በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እንዲህ ያለውን ጉዳት በክሊኒኬ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ሰው ከእሱ በኋላ ደረጃ ሲወጣ ይጠነቀቃል። «ሁለቱም የእኛ ናቸው» የሚለው ለጋስ አነጋገር የእሷን ሽንፈት ቀላል ያደርገዋል፤ ለእሷ ግን ቀላል አልነበረም። «የእኛው ልጅ ቀማችን» የሚለውም ቢሆን ስለ እሷ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው። ሁለቱም ወገን ብሯን ከእጇ ወስዶ ለክርክሩ ማስረጃ አደረገው። የወደቁባት 3 ሰከንዶች ግን የእሷ ብቻ ናቸው፤ ለባንዲራም ለወገንም አይካፈሉም።

ባንዲራ የሚነጠቅ ነገር መሆኑንም ዘመናችን አሳይቶናል። በቶክዮ ሩሲያውያኑ፣ ከከፍታ ዘላይዋ እስከ ባድሚንተን ተጫዋቿ፣ ያለ አገራቸው ባንዲራና መዝሙር ነው የተወዳደሩት። በ2016 ደግሞ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሪዮ ሲገባ ከ10ሩ አባላት አንዱ በሉክሰምበርግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። ርቀቱ ለሁሉም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው።

በ2021 ጁን 6 ቀን ሲፋን በሆላንድ ከተማ ሄንጌሎ የ10,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ06.82 ሰከንድ ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ለተሰንበት በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ወሰደችው። ውድድሩ የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ነበር፤ የኢትዮጵያ ማጣሪያ በሆላንድ ምድር። ያን ሰሞን ማን የማን እንግዳ እንደነበር ልጠይቅ አስቤ ተውኩት።

በ2025 ኤፕሪል ለንደን ላይ ትዕግሥትና ሲፋን እንደገና ተገናኙ። ትዕግሥት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አንደኛ ወጣች፤ ሲፋን ሦስተኛ ሆነች። በዚያ እሑድ በአዳራሹ ስለ ሆላንድ ያነሣ ሰው አልሰማሁም።