ሰካራምን ማዳን የማን ዕዳ ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ሜዳው ሩዝ ያበቅላል፤ ከብት ያረባል። ከእህሉም ከፊሉ ጠላና አረቄ ይሆናል። በዚህ ማንም አያፍርም። ጠላ የደቦው ብርታት፣ የማኅበሩ ጽዋ፣ የሠርጉ ድምቀት ነው። አረቄ አውጥታ በመሸጥ ልጆቿን የምታስተምር እናትም የምትከበር ሠራተኛ ናት።

ይሁን እንጂ አንዱ ገበሬ የመኸር ገንዘቡን በአረቄ ጨርሶ፣ በሬውን ሸጦ፣ ሚስቱን ደብድቦ ከቤት ሲያስወጣ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «በገዛ እጁ ነው» ይባላል። ከዚህም ፍርድ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። በገዛ እጁ ለወደቀ ሰው የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣለት ይገባልን?

ጥያቄው በሌላ ሕመም ሲመዘን መልኩ ይለወጣል። የፎገራ ሜዳ የወባ አገር ነው። በወባ ተይዞ ጤና ጣቢያ የመጣን ሰው፣ «አጎበር ሳትዘረጋ ስለ ተኛህ ሂድ» ብሎ የሚመልስ ሐኪም ቢኖር ሕዝብ ይፈርድበታል። ታዲያ ቸልተኝነት ለአንዱ በሽተኛ ሲታለፍ በሌላው ላይ ለምን የሞት ፍርድ ይሆናል?

«ወንድ ከሆነ ይተወው» የሚለው ምክርም ከባድ ስሕተት አለበት። ለብዙ ዓመታት ያለ ማቋረጥ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም ይቃዣል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ ሕክምና ካላገኘ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው በግዝትና በመሐላ ብቻ እንዲያቆም የሚገፋ ዘመድ ሳያውቅ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ጸበልም ሆነ የንስሐ አባት ምክር ልብን ሊያጸና ይችላል፤ የመንቀጥቀጡ ሌሊት ግን ሐኪም ይሻል።

ሐኪሙ ግን ሩቅ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬም የሱስ ሕክምና የሚሰጥባቸው ቦታዎች ጥቂቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ክልከላው ገና ያልጀመረውን ይጠብቃል፤ በመጠጥ የታሰረውን ግን አይፈታም። ለእርሱ ከመንገዱም ይልቅ የሚርቀው ኀፍረቱ ነው፤ «ሰካራም» ተብሎ ከሐኪም ፊት መቆምን ከሞት አብልጦ ይፈራልና።

እዚህ ላይ የተደበደበችው ሚስት ድምፅ ሊሰማ ይገባል። «በሽተኛ ነው ከተባለ ለእኔ ቁስል ማን ይጠየቃል?» ትላለች። እውነት አላት። ሕመም ጥፋትን አይፍቅም፤ ሕግም ሥራውን ይሥራ። ነገር ግን አእምሮው በአረቄ የተያዘ ሰው ከልቡ ይቅርታ ሊጠይቅም፣ ሊክስም፣ ልጆቹን ሊያሳድግም ይሳነዋል። ስለዚህ ሕክምናው ከተጠያቂነት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ሳይሆን ወደ ተጠያቂነት የሚመለስበት መንገድ ነው።

«በሞቴ ጠጣልኝ» እያለ የቀዳ ጎረቤት፣ ጠጪው ሲወድቅ «በገዛ እጁ ነው» ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። ጽዋው የጋራ ከነበረ ዕዳውም የጋራ ነው።