ጥፋተኛው ስልኩ ብቻ ነውን?

ጓደኞቼ፤ አንድ ተማሪ ከሰው ሲርቅ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ መኖር ሲያስጠላው «ስልኩ ነው ያበላሸው» እንላለን። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ድባቴውስ አብሮ ጠፋ? ያን ጊዜ ቁሐር ሚካኤል፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርኩ። ስልኬ ዝም ሲል ሐሳቤ መጮኽ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስጎረጉር የኖርኩት ለካ ይህን ጩኸት ላለመስማት ኖሯል!

እርግጥ ነው፣ ስልክ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣትም ሐዘንን ያከብዳል። ነገር ግን መሸሸጊያን መንጠቅ ብቻውን ፈውስ አይሆንም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን አረም ሲውጠው ደቦ ይጠራል እንጂ አፍሮ ቤቱ አይደበቅም። እኛ የተማርን ነን ባዮቹ ግን «እንዴት ነህ?» ስንባል «ደህና» ብለን እናልፋለን።

ታዲያ ግዴታችን ምንድን ነው? መጠየቅ ነዋ! «ራስህን ስለ ማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ሸክሙን ያቀላል እንጂ። «አዎ» ካለን ብቻውን አንተወው፤ ሐኪም ዘንድ አብረነው እንሂድ። ግቢ ስመለስ እኔን የደረሰልኝ፣ ይህንኑ ሳያፍር የጠየቀኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው።