ስለ ድመት ግልገልና ስለ መለያያው ዕድሜ

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፥ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶች፥ በጓሯቸው የጆንያ እህልና የዓሣ ትርፍራፊ ስለማይጠፋ አይጥ አይርቃቸውም፤ አይጥ ካለም ድመት መፈለጉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመንደሩ አንዲት የቤት ድመት የወለደች እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱ ግልገሎቹ ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ እየመጣ ነጯ ለእኔ፥ ዥንጉርጉሯ ለእኔ ይላል፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲሞላቸውም በካርቶን አድርጎ ይወስዳቸዋል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግልገሏ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ አስበው፥ ወተትም አዘጋጅተው የሚወስዱ ደጋጎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ የእህል ነጋዴ ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፥ «ጋሼ፥ ሕፃን ሳለች ካልወሰድኋት ቤቱን ቤቴ አትለውም፤ ካደገች በኋላ የመጣች ድመት ግን ዐመሏን ይዛ ነው የምትመጣው» አለኝ።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎች ተሰውረዋል። አንደኛው፥ ልጅን ከእናቱ መለየት የሚገባው መቼ ነው የሚል የሕግና የርኅራኄ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውም፥ በዕድሜ የጸና ጠባይ በፍቅር ሊለወጥ ይችላልን የሚል፥ ፈላስፎችም መነኮሳትም ብዙ የደከሙበት የባሕርይና የልማድ ጥያቄ ነው። ስለ አንዲት ድመት ይህን ያህል መመራመር ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር፥ ኃይለኛው በደካማው ላይ የተሰጠውን ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራበት የሚመረመረው፥ ከዳኛ ፊት ቀርቦ መክሰስ በማይችል ፍጥረት ላይ በሚያደርገው ነገር መሆኑን እንዲያስብልኝ እለምነዋለሁ።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን አዳም የተፈጠረው በዕለተ ዓርብ፥ የምድር እንስሳትና አራዊት በተፈጠሩባት በዚያችው ዕለት ነው፤ በእነርሱ ላይ ገዥ ሆኖ ቢሾምም የልደት ቀኑን ከእነርሱ ጋር ይካፈላል። ኦሪትም ለዚህ ሹመት ወሰን ስትሠራለት፥ ወሰኑን ካኖረችባቸው ስፍራዎች አንዱ በትክክል እኛ በምንጠይቀው ነገር ላይ ነው። ዘፀአትና ዘሌዋውያን የላምና የበግ ልጅ ሰባት ቀን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ፥ ከስምንተኛው ቀን በፊት ለመሥዋዕት እንኳ እንዳይቀርብ ያዝዛሉ፤ ይህም ማለት እግዚአብሔር የራሱን ድርሻ ለመቀበል እናቲቱን ታገሠ ማለት ነው። ዘዳግምም በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ጫጩቶቹን መውሰድን ፈጽሞ አልከለከለም፥ ነገር ግን በእናትነቷ ምክንያት የተያዘችውን ወፍ እንዲለቅቃት ያስገድደዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህችን ታናሽ ትእዛዝ ለጠበቀ የተገባለት ተስፋ ነው፤ መልካም ኑሮና ረጅም ዕድሜ ይሆንለት ዘንድ ተጽፏል፤ ይህም ከዐሥሩ ቃላት መካከል አባትና እናቱን ለሚያከብር ሰው የተሰጠው ተስፋ ራሱ ነው። የገዛ እናቱን ያከበረና የወፊቱን እናትነት ያከበረ በአንድ ዋጋ ተመዘኑ።

በፒያሳ አብረውን የሚኖሩት ሙስሊም ወንድሞቻችን የሚከተሉት ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአቡ ዳውድ የሐዲስ መጽሐፍ እንደ ተመዘገበው፥ በጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸው ሁለት ጫጩቶች ከጎጆ ወስደው እናቲቱ ከላያቸው ስታንዣብብ ነቢዩ ሙሐመድ ባዩ ጊዜ፥ ልጆቿ እንዲመለሱላት አዝዘዋል፤ ድመት ዘግታ በረኃብ ስለ ገደለችው ሴት የተነገረው ቅጣትም በቡኻሪና በሙስሊም ዘንድ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ሕጉ መታገሥ እንደሚገባ ይነግረናል እንጂ ለድመት ስንት ቀን እንደሚገባት አይቈጥርልንም፤ ቍጥሩን ለማግኘት ግልገሏን ራሷን መመልከት ያስፈልጋል። ጥጃ በስምንተኛው ቀን ሲቦርቅ፥ የድመት ልጅ ግን ዓይኗም ጆሮዋም ተዘግቶ ስለምትወለድ፥ ዓይኗ የሚገለጠው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ባለው ቀን ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ከወተት ሌላ መቅመስ ትጀምራለች፥ በስምንተኛው ሳምንት ገደማም ጡት ትተዋለች። ጡት መተው ግን ከእናት ትምህርት መውጣት አይደለም። ጥፍርን ሰብስቦ መጫወትን፥ ሳያቆስሉ መንከስን የምትማረው ከዚያ በኋላም ነው፤ ንክሻዋ ሲበረታ ወንድሟ ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል፥ እናቷም በመዳፏ መትታ ትገሥጻታለች፥ እርሷም የኃይሏን ልክ በዚህ ታውቃለች። ይህን ትምህርት ሳትጨርስ የተወሰደች ግልገል ያሳዳጊዋን እጅ ስትቧጭር ክፉ ተብላ ትመታለች፤ በእውነቱ ግን ያልተማረችውን ነገር ተጠይቃ ነው የወደቀችው። በ2017 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 6000 የሚጠጉ ድመቶችን ጠባይ መርምረው፥ ከ8ኛው ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት ወደ ቍጣ ይበልጥ የሚያዘነብሉ መሆናቸውን አግኝተዋል፤ መለያያውም ወደ 14ኛው ሳምንት ቢራዘም እንደሚሻል መክረዋል።

ይህን የሰማ ሰው ነጋዴው ፈጽሞ ተሳስቷል ብሎ እንዳይፈርድ፥ ከእርሱ ጋር የሚስማማ ሌላ ዕውቀት አለ። በፊላደልፊያ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኢሊን ካርሽ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገችው ምርመራ፥ የድመት ልጅ የሰውን እጅና ድምፅ ያለ ፍርሃት ለመቀበል ልቧ ከሁሉ ይልቅ የሚከፈተው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አሳይታለች። ነጋዴው በሕፃንነቷ ካልለመደችኝ ሲል ይህን በልማድ ዐውቆታል። ታዲያ ሰውን ለመልመድ የተወሰነላት ጊዜ ከእናቷ ትምህርት ጊዜ አስቀድሞ የሚያልፍ ከሆነ፥ እናትነትን በማክበርና ወዳጅነትን በመመሥረት መካከል አንዱን መምረጥ ግድ ሊሆንብን ነውን?

አይደለም፤ ስሕተቱ ያለው ሁለት ዕድሜዎችን እንደ አንድ በመቍጠራችን ነው። የመተዋወቂያ ዕድሜ አለ፥ የመለያያም ዕድሜ አለ፤ እኛ ለመተዋወቅ ስንል እንለያታለን። ግልገሏን የፈለገ ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ካርቶን ይዞ ከሚመጣ፥ እርሱ ራሱ ወደ እርሷ ይሂድ፤ የፒያሳ ጎረቤት ከጎረቤቱ ያለው ርቀት ግድግዳ ብቻ ነውና፥ ከሥራ ሲወጣ ጥቂት ደቂቃ ከጓሮው ተቀምጦ እናቲቱ እያየችው ግልገሏን በመዳፉ ይያዛት፥ ድምፁን ያሰማት፥ ልጆቹንም ያስለምዳት፤ ከዚያም ለእናቲቱ መልሶ ትቶ ይሂድ። ሳይወስዱ መውደድ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ፍቅር የሚባለው ነገር ከንብረት ፍላጎት የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ አንድን ፍጥረት የእኔ ከማለቱ በፊት ለእርሱ የሚበጀውን ጊዜ መጠበቅ የሚችል ሰው፥ ከወሰደውም በኋላ በኀላፊነት ይጠብቀዋል።

የመለያያው ዕድሜ ስንት ነው ለሚለኝ ሰማንያ ቀን እለዋለሁ። ወንድ ሕፃን በ40 ቀን፥ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ክርስትና የምታነሣ፥ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ የሚተርክላት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለሆንን፥ ይህ ቍጥር ከልባችን አይጠፋም። የጥምቀትን ምሥጢር ከእንስሳ ጋር ማነጻጸር ከእኔ ይራቅ፤ ቍጥሩን የምወስደው ለማስታወሻ ያህል ብቻ ነው። አርባው ቀን ግልገሏ ገና ጡት ያልተወችበት ቀን ሲሆን፥ ሰማንያው ግን ከ12 ሳምንት በአራት ቀን ብቻ ያንሳል፤ የሄልሲንኪዎቹን ምክር ለመፈጸም ከዚያም በላይ ጥቂት ቢታገሡ የተሻለ ነው። በዚህ ዕድሜ ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመቀበል ትደርሳለች፤ በሽታው በውሻ ስም ቢጠራም ድመትም ትይዘዋለች፥ በንክሻዋም ለሰው ታስተላልፈዋለች፤ በአገራችንም ዛሬ ድረስ ሰው የሚገድል ስለሆነ፥ የእንስሳት ሐኪም ሳያያት ከሕፃናት ጋር ማዋል አይገባም። ሌላም ነገር አለ፤ ግልገሎቿ ያለ ጊዜያቸው የተወሰዱባት እናት ወተቷ ሲቋረጥ ቶሎ ወደ ወንድ ትመለሳለችና፥ በችኰላ የወሰድናቸው ግልገሎች ፈላጊ የሌላቸው ሌሎች ግልገሎች እንዲወለዱ ምክንያት ይሆናሉ።

እናቷ የሞተችባት ወይም ወድቃ የተገኘች ግልገል ግን ቀን አይቈጠርባትም። በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አጠገብ በዝናብ ርሳ የምትጮኸውን የሁለት ሳምንት ግልገል ሰማንያ ቀን ይሙላት ብሎ የሚያልፋት ሰው ሕጉን በፊደል ጠብቆ በመንፈስ ሽሮታል፤ እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ሄዳ እንደ ሆነ ራቅ ብሎ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ፥ ካልተመለሰች አንሥቶ በብብቱ ያሙቃት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ነጋዴውን ካደገች ድመት ያሸሸው «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው የአባቶች ተረት ነውና። ተረቱ ስለ ባሕርይ የተናገረው እውነት ነው፤ አይጥ ያየች ድመት የቱንም ያህል ብትጠግብ ትዘልላለች፥ ይህን የተቀበለችው ከፈጣሪዋ ነውና ሊወቅሳት የሚችል የለም። ነገር ግን ማመንና መፍራት፥ መቅረብና መሸሽ ባሕርይ አይደሉም፤ ልማድ ናቸው፤ ልማድም በልማድ ይሻራል፥ የሚፈልገው ጊዜና ትዕግሥት ነው። የምንኵስናን ነገር ካነሣን ደግሞ፥ ስንክሳራችን በሰኔ 24 የሚያስበው ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ሆኖ ካረጀ ልማዱ ተመልሶ የብዙ መነኮሳት አባት የሆነ ሰው ነው፤ ሰው ከጐለመሰ አይለወጥም ቢባል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። ስለ እንስሳትም ቢሆን ጥንታዊ ምስክር አለ፤ በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በሚባል ስፍራ፥ የፈረንሳይ አርኬዎሎጂስቶች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳወቁት ግኝት፥ ከ9500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ በክብር የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ ዕድሜዋም 8 ወር ገደማ ነበር፤ ይህም ግልገልነቷን ጨርሳ ወደ ሙሉ ድመትነት የቀረበችበት ነው። ሐዋሳ ራሷ በ1952 ዓ.ም. ስትቈረቈር ከየአገሩ ዐዋቂ ሆነው የመጡ ሰዎች የሠሯት ከተማ ናት፤ በፒያሳ ሱቅ የከፈተው ወላይታና ጉራጌ፥ አማራና ኦሮሞ፥ ከሲዳማው ባለ አገር ጋር ጐረቤት ሆኖ አገሬ ይላታል፤ አዋቂ ሆኖ መምጣት ቤትን ቤቴ ከማለት አላገደውም።

ደግሞም የዕድሜ ጥያቄ የወሳጁም ጥያቄ ነው። በቤት የምትጠበቅ ድመት 15 ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እማሆይ ግልገል ቢወስዱ፥ ከእርሳቸው በኋላ ማን ይጠብቃታል? ለእንዲህ ያሉ እናት በዕድሜ የበሰለች፥ መጋረጃ የማትቧጥጥ፥ ሌሊት በእግራቸው ሥር የማትሯሯጥ ድመት ትሻላቸዋለች።

በየጓሮው ግልገሎቹ ሁሉ ተወስደው ካለቁ በኋላ ግን ጠያቂ የሌላት እናቲቱ ናት። የአንድ ወር ግልገል አይጥ እስክትይዝ ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ሲሆን፥ እናቲቱ አደኑን ዐውቃ ልጆቿንም አስተምራለች። ለእህል ነጋዴውም የነገርሁት ይህንኑ ነው፤ ጆንያህን የሚጠብቅልህ ከፈለግህ እናቲቱን ውሰዳት፥ እንዳትወልድብህም ሐኪም ዘንድ አድርሳት፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውሃና ምግብ አኑረህላት፥ መደበቂያም ሰጥተህ፥ ሳትነካት እየገባህ ተቀምጠህ ውጣ፤ ራሷ ወደ አንተ እስክትመጣ ድረስ እጅህን አትዘርጋ።