ለአባትና ለእናት የሚሠራ ቤት

ለወላጆቹ ቤት ሊሠራ የተነሣ ወጣት፣ በአገሩ የሚኖርም ሆነ በስደት ጉልበቱን ከፍሎ ገንዘብ የሚያጠራቅም፣ መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት ሊመረምረው የሚገባ ታሪክ በስዊዘርላንድ፣ የጄኔቫ ሐይቅ ተብሎም በሚጠራው በሌማን ሐይቅ ዳር ይገኛል። ባለታሪኩ ሻርል ኤዱዋር ዣንሬ ሲሆን፣ ከ1920 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌ ኮርቡዚዬ በሚል ስም የታወቀና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሕንፃ ንድፍ ጥበብን አቅጣጫ ካስለወጡት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ይህ ሰው ለወላጆቹ ሁለት ጊዜ ቤት ሠርቷል፤ ከሁለቱ ቤቶች የሚበልጠውን ትምህርት የሰጠው ግን ትንሹ ነው።

አባቱ በሰዓት ሥራ በታወቀችው ተራራማ ከተማ በላ ሾ ደ ፎን የሰዓት ገጽ በኢናሜል፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ብረት ላይ በሚጣበቅ ብርጭቆ መሰል ቀለም፣ የሚለብጡ የእጅ ባለሙያ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ ፒያኖ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው በ1912፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በዚያችው ከተማ ዛሬ «ነጩ ቤት» የሚባለውን ሰፊና ያማረ መኖሪያ ሠራላቸው። ቤቱ የወጣቱን ችሎታ አስመስክሯል፤ ሆኖም ወጪው ከቤተሰቡ አቅም ያለፈ ስለነበረ፣ ወላጆቹ ጥቂት ዓመታት ከኖሩበት በኋላ በ1919 በኪሳራ ለመሸጥ ተገደዱ። በፍቅር የተሠራ ቤት የሽማግሌዎችን ጥሪት ሊበላ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፤ ልጁ በዚያን ጊዜ የለካው የራሱን ምኞት እንጂ የወላጆቹን ኑሮ አልነበረም ቢባል ፍርዱ አይከብድም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊው ወጣት ሩቅ አይደለም። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በሚላክ ገንዘብ የተገነባ ፎቅ ቤት ደጁ አምሮ፣ ወለሉ በሴራሚክ አብረቅርቆ ቆሞ ሳለ፣ እናት ደረጃው ጉልበታቸውን ስለሚፈትን፣ ወለሉም ስለሚያዳልጣቸው በጓሮው ማድ ቤት ውለው የሚያመሹበት፣ ሳሎኑም እንግዳ እስኪመጣ ተቆልፎ የሚከርምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ቤት የሠራ ልጅ ሊወቀስ አይገባውም፤ ነገር ግን ከሱ በኋላ የሚሠሩት ታናናሾቹ ወላጆቻቸው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚቀመጡ፣ ሌሊት ሲነሡ ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ፣ ቡናቸውን ከማን ጋር የት እንደሚጠጡ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሌ ኮርቡዚዬ በሁለተኛው ቤት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዘመዱ ከፒየር ዣንሬ ጋር ሲሠራ፣ መሬቱ ከመገኘቱ በፊት ንድፉን አዘጋጀ፤ የሁለት አረጋውያንን የዕለት ኑሮ መነሻ አድርጎ፣ 4 ሜትር ያህል ስፋትና 16 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ደረጃ መውጣት የማያስፈልገው ምድር ቤት አሰበ፤ ከዚያም ንድፉን ይዞ የሚስማማ ቦታ ፈለገ፤ በቬቬ ከተማ አጠገብ ባለችው በኮርሶ፣ በሐይቁ ዳርና በአሮጌ መንገድ መካከል ያለች ጠባብ ቁራሽ መሬትም አገኘ። ግንባታው በ1923 ተጀምሮ በ1924 ተጠናቀቀ። ክፍሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው ነዋሪው ወደ ኋላ ሳይመለስ ዞሮ ሁሉም ክፍል ይደርሳል፤ በደቡብ በኩል ያለው አንድ ወጥ መስኮት 11 ሜትር ያህል ስለሚረዝም የቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብርሃን አያጣም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአትክልቱ ስፍራ ነው፤ ሁልጊዜ የሚታይ ውበት ዓይንን ያሰለቻል ብሎ ስላመነ ሐይቁን በግንብ ጋረደና በግንቡ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ ተወ፤ ከሥሩም ጠረጴዛ አኖረ። ለቤተሰቡ ውሻ እንኳ መንገደኛን አሻግሮ የሚያይበት ከፍ ያለ መቆሚያና በፍርግርግ የተዘጋ ቀዳዳ አበጅቷል። ስለ ታላላቅ ከተሞች ያልም የነበረ ሰው ለውሻ ዓይን ከፍታ መጨነቁ የዝናው ታናሽ ክፍል አይደለም።

ቤቱ እንከን የለሽ ነበር ማለት ግን እውነትን መደበቅ ይሆናል። የቤቱ ግድግዳ የተገነባው ውስጡ ክፍት በሆነ ርካሽ የሲሚንቶ ብሎኬት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ተሰነጠቀ። ባለንድፉ ራሱ በ1954 ስለ ቤቱ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ምክንያቱን አስረድቷል፤ የሐይቁ ውኃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ሲል የከርሰ ምድሩም ውኃ አብሮ ይነሣል፤ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራው ከመሬት በታች ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ጀልባ ሽቅብ እየተገፋ ቤቱን ያናውጠዋል። ስለዚህ በ1931 የሰሜኑ ግድግዳ በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ፣ በኋላም የሐይቁ ፊት በአሉሚኒየም ተሸፈነ። ውኃ ባለበት አካባቢ የሚሠራ ወጣት ከዚህ ሁለት ነገር ይያዝ፤ የመጀመሪያው የአፈሩንና የውኃውን ጠባይ ከአካባቢው ግንበኞችና ከመሐንዲስ ሳይጠይቅ መሠረት አለመጣል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያውም የማያንሰው፣ ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ ከግንባታው ሒሳብ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ቤት ሠርቶ ቁልፍ አስረክቦ መሄድ የልጅን ግዴታ አያሟላም፤ ሌ ኮርቡዚዬ ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ወደዚያች ትንሽ ቤት እየተመለሰ ጠግኗታል።

አባትየው ቤቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1926 ዐረፉ። እናትየው ግን መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በ1960 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በዚያው ኖሩ፤ ከእሳቸው በኋላ የሙዚቃ ባለሙያ የነበረው ታላቅ ልጃቸው አልቤር እስከ 1973 ኖረበት። ቤቱ ለግለሰብ ተሽጦ አልጠፋም፤ በሌ ኮርቡዚዬ ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽን ተረክቦ ለጎብኚዎች ከፈተው፤ ዩኔስኮም በ2016 ከመዘገባቸው 17 የሌ ኮርቡዚዬ ሥራዎች አንዱ ሆነ። በብዙ ቤተሰብ ግን የወላጆች ቤት ከቀብር በኋላ የወንድማማች ክርክር ይሆንና ገንዘቡም ፍቅሩም በፍርድ ቤት ደጅ ያልቃል። ስለዚህ የሠራው ልጅ ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ሰብስቦ፣ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ ከወላጆች በኋላም ማን እንደሚኖርበትና ማን እንደሚጠግነው በሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ ያስፍር፤ የንድፉንና የወጪውንም ወረቀት፣ ግንቡን የገነቡትን ሰዎች ስም ጨምሮ፣ ከዚያው ሰነድ ጋር ያኑር።