ስለ ከተማ ክብርና ስለ ኳስ ተጫዋች ደመወዝ

የሰው ልጅ የተወለደበት አገር ስም ከፍ ብሎ ሲጠራ ለመስማት መውደዱ ከባሕርዩ ያገኘው ነገር ነው። ይህም ፍቅር በመጠኑ ሲሆን ሰውን ለሥራ ያነሣሣዋል፤ መጠኑን ሲያልፍ ግን የገዛ ወንድሙን ያስበድለዋል። ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት ጉዳይ ከዚህ የወጣ አይደለም። ነገሩ የኳስ ነገር ስለ ሆነ ግን ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ ገጹን ቶሎ እንዳይገልጡት እለምናለሁ። እርግጥ ነው፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቍስጥንጥንያ ሰዎች ጌታ የተሰቀለበትን ዕለት ዓርብን እንኳ ሳያከብሩ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በመሄዳቸው ክፉኛ ገሥጿቸዋል። እርሱ የተቈጣው ግን ልባቸውን ለጨዋታው አሳልፈው ስለ ሰጡ ነው፤ እኔ የማነሣው ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ስላለው የእንጀራ ነገር ነው። እንጀራ ባለበት ሁሉ ፍርድ አለ፤ ፍርድ ባለበትም ካህን ዝም ሊል አይገባውም።

አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት የተባለች፥ በማዕድን ውሃዋና በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። የምዕራብ ሸዋ ምድር በስፖርትም ቢሆን ስም አላጣም፤ የአምቦው ፊጣ ባይሳ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ5,000 ሜትር የነሐስ፥ የጀልዱው ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ በማራቶን የብር ሜዳልያ አግኝተዋል። ዳሩ ግን ሯጭ ብቻውን ይሮጣል፤ ጫማና ስንቅ ካገኘ ሳንባውና ጕልበቱ ያደርሱታል። የኳስ ክለብ ግን ማኅበር ነው፤ ሃያ አምስት ያህል ተጫዋች፥ አሠልጣኝ፥ ወጌሻ፥ ሾፌርና ትጥቅ ጠባቂ ያለበት፥ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ፥ የሚጓዝና የሚያድር ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ የሯጭ ክብር ያለ ግምጃ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ የክለብ ክብር ግን ያለ ግምጃ ቤት አይገኝም።

በአገራችን የኳስ ማኅበሮች በማዕርግ የተከፈሉ ናቸው። የበላዩ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪምየር ሊግ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው «ከፍተኛ ሊግ»፥ ሦስተኛው ደግሞ «አንደኛ ሊግ» ይባላል። ሁለተኛው ከፍተኛ፥ ሦስተኛው አንደኛ መባሉን የሰማ የቅኔ ተማሪ ሰሙ ደምቆ ወርቁ የጠፋበት ቅኔ ነው ሳይል አይቀርም። በአምቦ ከተማ ስም የሚጠራው ክለብ የተወዳደረው በዚህ ከፍተኛ በተባለው ሁለተኛ ማዕርግ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የገንዘብ ነው። የበላዩ ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ጨዋታውን ሱፐር ስፖርት ለተባለው የውጭ አገር የቴሌቪዥን ድርጅት ሸጦ ለክለቦቹ የሚከፋፈል ገንዘብ አግኝቷል። ከመስመሩ በታች ያሉት ግን የሚሸጡት ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ኑሯቸው በከተማ አስተዳደር በጀት፥ በነጋዴ ልግስናና በደጋፊ መዋጮ ነው። በዚያው በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታው ሁሉ በጥቂት በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ይደረግ ጀመር፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ አልቀረም። በዚህ የተነሣ በበር ይገኝ የነበረው የመግቢያ ገንዘብ ቀርቶ በፈንታው የሆቴል ኪራይ መጣ። ባለ አገሩም የራሱን ክለብ በዓይኑ ሳያይ ወጪውን ብቻ ይሸከማል። አንዲት ደብር ለደብተራዎቿ ድርጎ እየሰፈረች ዓመቱን ሙሉ በሌላ አገር ማኅሌት ሲቆሙ ብትኖር ምእመናኑ ምን ይሉ ይሆን? ይህን የምለው ደንቡን ያወጡትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብቁ ሜዳ በየከተማው አለመኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ መታወቅ አለበት።

ወደ ላይ የወጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አልቆዩም። ጎረቤታችን ሰበታ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ አድጋ በ2014 ዓ.ም. ወረደች። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፥ በአዳ በርጋ ወረዳ፥ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ክለብ ከበላዮቹ ጋር ሲጫወት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. ወረደ፤ ተመልሶም ወደዚያ አልወጣም። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. አድጎ በመጀመሪያ ዓመቱ፥ በ2010 ዓ.ም.፥ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ፤ አገር ሁሉ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ ግን የተጫዋቾቹ የደመወዝ አቤቱታ በየጊዜው ይሰማ ጀመር፤ በ2014 ዓ.ም. እርሱም ወረደ። ሐምበሪቾ ዱራሜ በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ በዓመቱ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ክለብ ግን በ2009 ዓ.ም. ወርዶ ከፈረሰ በኋላ ባንኩ እንደ ገና አቋቁሞት በ2016 ዓ.ም. የአገሩ ሻምፒዮን ሆኗል። ባንክ ሲፈልግ ያፈርሳል፥ ሲፈልግ ይሠራል፤ ገንዘቡ የራሱ ነውና። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውና በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው ክለብም (ስለ ስሙ አጠራር የምለው ነበረኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ) የቢራ ፋብሪካ ድጋፍ አልተለየውም። አምቦ ግን ባንክም ፋብሪካም አይደለችም። የከተማ ግምጃ ቤት ገንዘብ ውሃ ከሚቀዳው፥ ጉልት ከሚቸረችረውና ግብር ከሚከፍለው ሰው የተሰበሰበ ነው።

ይህ መከራ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይምሰልህ፥ አንባቢ ሆይ። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አጠገብ ቤሪ የምትባል ከተማ አለች፤ ክለቧ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. የተቋቋመ ነበር። በ2019 ዓ.ም. የፀደይ ወራት ተጫዋቾቹ ደመወዛቸው ተይዞባቸው ሳለ ተጫውተው ክለቡን ከአራተኛው ማዕርግ ወደ ሦስተኛው አሳደጉት። ከተማው ደስ አለው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ግን ክለቡ ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ማሳየት ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ። እንግዲህ በፀደይ የተደረገው ያ ደስታ የማን ነበረ? ድሉን ያመጡት ሰዎች ወደ ቤታቸው የገቡት ባዶ እጃቸውን ነው፤ ከተማውም የተደሰተው በእነርሱ እንጀራ ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ከተማ በሰው ደመወዝ የገዛችው ክብር ክብር ነውን?

አንዳንድ ሰዎች ሲመልሱ ሰምቻለሁ፤ ልጆቹ ለአገራቸው ስም ጥቂት ቢታገሡ ምን አለበት ይላሉ። ከእኛም ወገን «እኛ በቅኔ ቤት ቍራሽ ለምነን፥ አኰፋዳ ተሸክመን፥ በጎጆ ውስጥ በብርድ አድረን አልነበረምን የተማርነው?» የሚል አለ። ይህ ንግግር የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። የቅኔ ተማሪን በወር ይህን ያህል ብር እሰጥሃለሁ ብሎ የጠራው መምህር የለም። ረኃቡን ዐውቆ፥ ወዶና መርጦ ገባበት፤ በወደደም ቀን ይወጣል። ስለዚህ ድኽነቱ ትሩፋት ተባለለት። ተጫዋቹ ግን የተጠራው በውል ነው። ሌላ ሥራውን ትቶ፥ ከቤቱ ርቆ፥ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ሳያልፍ በሚያልቅ ጕልበት የሚሠራ ሠራተኛ ነው። ሰው ራሱ የመረጠው ድኽነት ጸጋ ነው፤ ሌላ ሰው ቃሉን አፍርሶ የጫነበት ድኽነት ግን ግፍ ነው። ግፍን ትዕግሥት ብሎ መሰየም ደግሞ ግፉን ያጸናዋል እንጂ አያቀልለውም።

የኦሪት ሕግ የምንደኛን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጡ ይላል እንጂ ድል ካገኛችሁ በኋላ ስጡ አይልም። ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለ ደመወዝ ድምፅ አውጥቶ እንደሚጮኽ፥ ጩኸቱም ከማን ጆሮ እንደሚደርስ ነግሮናል። ሰሎሞን ደግሞ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል እንደሚሻል አስተምሯል። ውልም የስእለት ወገን ነው፤ በሰው ፊት ይፈረም እንጂ ምስክሩ ሰው ብቻ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። አንድ ከተማ «እኔ በአቅሜ ልክ ከፍዬ ልጫወት ብል፥ ጎረቤቴ በዕዳ የተሻለ ተጫዋች ገዝቶ ያሸንፈኛል፤ እውነተኛ በመሆኔ እወርዳለሁ» ቢል ምን ይመለስለታል? ይህ ክርክር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በውድድር ውስጥ የአንዱ አለመጠን ሌላውን ያስገድዳል፤ ባንዱ ክለብ ዋጋ ሲወጣ በሁሉም ይወጣል። ይህን ዐውቀው በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የኳሱ አለቆችና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ወዲያው ግን በስውር የሚከፈል አለ የሚል ወሬ ተከተለው። ሕግ ወጥቶ ልብ ካልተከተለው ሐሰተኛውን ጠቅሞ እውነተኛውን ብቻ የሚያስር ገመድ ይሆናል። ስለዚህ የሰው ኀጢአት የእኔን ኀጢአት ግዴታ ያደርገዋል ወይ ብለን ወደ ሥሩ መመለስ ግድ ነው። አያደርገውም። ያስወድደዋል እንጂ አያጸድቀውም። በአቅሙ የከፈለ ክለብ ቢወርድ የወረደው በሜዳ ነው፤ ሳይከፍል የወጣው ግን የወጣው በሰው ልጅ ጀርባ ላይ ነው።

«ክለቡ ቢዳከም ወጣቱ ወዴት ይሄዳል? በጫትና በሥራ ፈትነት ይጠፋል» የሚሉትን እኔም እሰማቸዋለሁ፤ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን የጊንጪ፥ የጉደር፥ የጌዶና የባኮ ልጅ የሚጠቀመው ከሩቅ አገር በውድ ዋጋ የመጣ አጥቂ በሌላ ከተማ ሲጫወት ነው ወይስ በሰፈሩ ሜዳና በአሠልጣኝ ሲያድግ? በወጣቱ ስም የተጠየቀ በጀት ለወጣቱ ይዋል ማለት ጠላትነት አይደለም። ከአገር ልጆች የተሠራ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሊሸነፍ፥ ወደ ሦስተኛውም ማዕርግ ሊወርድ ይችላል። ይውረድ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው በተናገረው ምሳሌ ሰውዬው የተዘበተበት ትንሽ ቤት ስለ ሠራ አይደለም፤ ወጪውን ሳይቈጥር ጀምሮ መፈጸም ስላቃተው ነው።

የምመክረውም ከቤታችን የራቀ ነገር አይደለም። በየአጥቢያችን የሰበካ ጉባኤ የዓመቱን ገቢና ወጪ በምእመናን ፊት ያስነብባል፤ ጥቂት ሻማና ዕጣን የገዛበትን ሳይቀር ይናገራል። ክለቡም እንዲሁ የውድድሩ ዘመን ሳይጀምር ያለውን ገንዘብ፥ የፈረመውን ውልና ያለፈውን ዓመት ያልተከፈለ ደመወዝ በከተማው አዳራሽ በሕዝብ ፊት ያስነብብ፤ የቀድሞውም ዕዳ ሳይከፈል አዲስ ተጫዋች አይፈረም። ይህን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ባነብለት ደስ ይለኛል።