«ጥሩ ቤት አግኝቻለሁ» ማለት ምን ያስከትላል?

በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ለወዳጁ የሚጠቁመው አንድ ቤት አያጣም። አንዱ «ከፒያሳ እስከ ቦሌ ብትዞር እንደዚያ ያለ ማኪያቶ አታገኝም» ይላል። ሌላዋ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ጥለቱ ከሌላው የሚለይ ነጠላ የሚሸጥበትን ሱቅ ታውቃለች። ሦስተኛው ደግሞ መርካቶ፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ በረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ ትኩስ ሳምቡሳ የሚወጣበትን በር ያሳያል። ቀድሞ ይህ ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ነበር የሚተላለፈው። ዛሬ በእጅ ስልክ በሚቀረጽ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በአንድ ምሽት ለሺዎች ይደርሳል። «አዲስ ቤት አገኘሁላችሁ» ማለት ለአንዳንድ ወጣቶቻችን የእንጀራ መብያ ሥራ ሆኗል።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከጨዋታ በላይ ነው ባይ ነኝ። አንድ ሰው «ይህ ቤት ጥሩ ነው፤ ሂዱ» ባለ ጊዜ በትከሻው ላይ የወደቀ ነገር አለን? ካለስ ለማን ነው ባለዕዳ የሚሆነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ገበያ መውጣት ነውር ነውን?

በመጀመሪያ ከመንገድ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን «ይህ ሁሉ ዱንያ ነው፤ ሙስሊም ከሱቅ ሱቅ ምን ያዞረዋል?» የሚሉ አሉ። ገበያ ከቦታዎች ሁሉ በላጩ እንዳልሆነ በሐዲስ መነገሩ እውነት ነው። ይሁንና የመካ ሙሽሪኮች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ካቀረቡት ነቀፌታ አንዱ ምን ነበር? እንደ ማንኛውም ሰው ምግብ መብላታቸውና በገበያዎች መሄዳቸው እንደነበር ሱረቱል ፉርቃን ይነግረናል። መልእክተኛ ከሰው ገበያ መራቅ አለበት ብለው ያሰቡት ከሓዲዎቹ ነበሩ። መልሱም ከእርሳቸው በፊት የተላኩትም ሁሉ ይበሉና በገበያ ይሄዱ እንደነበር ነው የተነገራቸው።

ጌጥንም በተመለከተ ሱረቱል አዕራፍ ጌጣችንን እንድንይዝ፣ እንድንበላና እንድንጠጣ ያዘዘን እዚያው ከኢስራፍ በከለከለን ቦታ ላይ ነው። ቀጥሎም አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥና መልካም ሲሳይ ማን ነው እርም ያደረገው ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ ለልጅዋ የዒድ ቀሚስ ለመምረጥ ሦስት ተራ የምታቋርጥ እናት፣ ወይም ከወዳጁ ጋር ጥሩ ቡና ለመጠጣት ከመገናኛ ፒያሳ ድረስ የሚሄድ ሰው በዚህ ብቻ ሊወቀስ አይገባም። ወሰኑ ማባከን ነው፤ ውበት አይደለም። ስለዚህ ክርክራችን ገበያ በመውጣትና ባለመውጣት ላይ አይደለም። ከገበያው ተመልሰን በምንናገረው ላይ ነው።

የእህሉ ክምር

ኢማም ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ባለቤቱን ቢጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግከውም ሲሉ ገሠጹት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ።

ልብ እንበል። ሰውየው ውሸት አልተናገረም። የሸጠውም እህል ነው፤ ከላይ የታየውም ደረቅ እህል ነው። ጥፋቱ ሰው የሚያየውን ገጽ ብቻ አስውቦ ያቀረበ መሆኑ ነው። አሁን ይህን ወደ እኛ ከተማ እናምጣው። አንድ ፎቶግራፍ የክምሩ አናት ነው። የኬኩ ቀለም፣ የመብራቱ ድምቀት፣ የግድግዳው ሥዕል ሁሉ በፎቶው ላይ ይታያል። አስተናጋጅዋ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቆማ እንደምትሠራ ግን አይታይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በበዓል ሰሞን ሱቆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆነው ስናይ «ምሽቱ እንዴት ደምቋል!» ከማለት አልፎ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈላት እንደሆነ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? እጁን ወደ ክምሩ ውስጥ የሚሰድ ማለት ይህ ነው።

በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያ ዑሉሚዲን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ገበያ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ነጋዴው ከአራት ነገሮች እንዲጠበቅ ይሻሉ። ዕቃውን በሌለው ነገር እንዳያሞግስ፣ ነውሩን እንዳይደብቅ፣ ሚዛኑንና መጠኑን እንዳይሰውር፣ የገበያውንም ዋጋ እንዳይደብቅ ነው። የሚገርመው፣ ገዢው ራሱ የሚያየውን እውነተኛ ባሕርይ እንኳ እየደጋገሙ ማሞገስን ሰው የሚጠየቅበት ከንቱ ንግግር አድርገው መቁጠራቸው ነው። በነጋዴው ላይ የተጣለው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ሳይሸጥ የነጋዴውን ሥራ በሚሠራው በጠቋሚው ላይ እንዴት ይቀላል?

እንዲያውም ይከብዳል እላለሁ። ነጋዴ ዕቃውን ሲያሞግስ ሰሚው ይጠነቀቃል፤ የራሱ ነውና። ጠቋሚ ሲያሞግስ ግን ሰሚው ጥንቃቄውን ይጥላል፤ ጥቅም የለውም ብሎ ያምነዋልና። በሸሪዓችን «ነጅሽ» የሚባል የተከለከለ ነገር አለ፤ የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሌላውን ለማጓጓት ሲል በዕቃው ላይ ዋጋ መጨመሩ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ወይም በነፃ በልቶ፣ ይህንንም ሳይናገር «ወድጄዋለሁ» የሚል ሰው ከዚህ በምን ይለያል? ሁለቱም ከሕዝቡ መካከል እንደ አንዱ ገዢ መስለው ቆመው ለሻጩ ይሠራሉ።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ምክንያት የምርቃት ጥሪ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ አዲስ ምግብ ቤት፣ አዲስ የልብስ ሱቅ፣ የዒድ ባዛር። በዚያ ቀን ገበታው ይሞላል፤ አስተናጋጁ ይሽቀዳደማል፤ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል። በማግስቱ ከፍሎ ለሚገባው ተራ ደንበኛ ቤቱ ምን እንደሚመስል ግን ጥሪው አያሳይም። አላህ በሱረቱ ኒሳእ በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ የቆምን ምስክሮች እንድንሆን አዞናል። ጥቆማ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ አማና ነው።

«አገኘሁት» የሚለው ቃል

ሁለተኛው ነገር ከዚሁ ከቃሉ ይነሣል። «አገኘሁት» ስንል ጠፍቶ የነበረ ያስመስላል። ለማን ነበር የጠፋው?

ይህች ከተማ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ስሟን ያወጣላት ገበያዋ ነው። አራዳ ላይ ህንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የየመን ዐረቡ ከአገሬው ጋር ጎን ለጎን ነግደዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳን ለራሱ ሰዎች ለይቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያው ቀረ። በየሰፈሩ የመን ዐረቦች የከፈቷቸው ትንንሽ ሱቆች ሥር ከመስደዳቸው የተነሣ «ዐረብ ቤት» የመንደር ሱቅ መጠሪያ ለመሆን በቃ። በመርካቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ የሚሉት ስሞች ማንም በወረቀት ያወጣቸው አይደሉም፤ ገዢና ሻጭ በአፋቸው ያጸኗቸው ናቸው። ሐረር ጀጎል ውስጥም «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። እነዚህን ቦታዎች ያገኛቸው ሕዝብ ነው፤ ያውም ከእኛ በፊት።

እንግዲህ እኛ የምናደርገው ማግኘት ሳይሆን መድረስ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። አግኚ ነኝ ያለ ሰው ቦታውን የራሱ ያደርገዋል፤ ዘግይቼ ደረስኩ ያለ ሰው ግን ከእርሱ በፊት የነበሩትን ያያል። ከእርሱ በፊት የነበረው ማን ነው? ደንበኛ ነው። ደንበኛ ማለት ምራቂ የሚጨመርለት፣ እጅ ሲያጥረው በዱቤ የሚወስድ፣ ሲቀር «ምነው ጠፋህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ነው። ባለሱቁም ሲታመም እርሱ ይጠይቀዋል። ይህ ዝምድና በአንድ ቀን አይገነባም፤ በደረሰኝም አይጻፍም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በአንድ ሰፈር ተሸካሚዎችና ሾፌሮች ጠዋት ጠዋት ፉል የሚበሉበት ጠባብ ቤት አለ እንበል። አንዱ «አገኘሁት» ብሎ ለከተማው ያውጃል። በሳምንቱ በሩ ላይ መኪና ይደረደራል። ባለቤቱ ይደሰታል፤ መደሰቱም ሐቁ ነው። አከራዩም ያያል፤ ኪራዩን ይጨምራል። ዋጋው ይወጣል። ተሸካሚው አንድ ቀን መጥቶ ዋጋውን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ አይመጣም። ከሦስት ወር በኋላ መኪናዎቹ ሌላ ወደተገኘ ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቱ ከፍ ያለ ኪራይ ይዞ፣ የድሮ ደንበኞቹን አጥቶ ይቀራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ነገር ግን የተጎዳ አለ።

ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

«የበላሁበትን ከፍያለሁ፤ ሌላ ዕዳ የለብኝም» የሚል ይኖራል። በውል ረገድ ልክ ነው። ሻጭና ገዢ ተስማምተው ከተለያዩ ዕዳ የለም። እኔ የምለው ግን ዕዳው ከመብላት አይመጣም፤ ከመናገር ነው። ከፍሎ ዝም ያለ ሰው ምስክር አልሆነም። የተናገረ ግን ሌሎችን በቃሉ አንቀሳቅሷል፤ የሰውን ኪስና እግር ያንቀሳቀሰ ቃል ደግሞ ሒሳብ አለው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ትንሹ ነጋዴ ማስታወቂያ የሚያሠራበት ገንዘብ የለውም፤ እኛ ባንጠቁመው ማን ያውቀዋል? ዝም ብንል የሚጠቀመው ትልልቁ ሕንፃ ነው» ይላል። እውነት አለው። ለሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ በቤትዋ ሙሸበክና ሐላዋ ሠርታ ለምትሸጥ እናት፣ የአንድ ሰው መልካም ቃል የወር አስቤዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም በሉ አልልም። ሙሉውን ተናገሩ ነው የምለው። ምስክር ባየው ነገር ላይ ዝም ማለትም፣ ግማሹን መናገርም ሁለቱም ያስጠይቁታል።

የፈረሰውና የተቃጠለው

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከተማ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ጋየ። መፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስለ ፒያሳ ሲወራ የሰማሁትና ያየሁት አብዛኛው የሲኒና የኬክ ፎቶግራፍ፣ «እዚያ ትዝታ ነበረን» የሚል ቃል ነው። ባለሱቁ ወዴት ሄደ? አብሮት የሠራው ልጅ ምን ሆነ? ዱቤ የተጻፈበት ደብተር የማን ዕዳ ይዞ ጠፋ? ይህን ሊመልስ የሚችለው ደንበኛ ነው። ጎብኚ አይችልም፤ ከመጀመሪያውም የክምሩን አናት ብቻ ነውና ያየው።

ከተማ ሁሉም ነዋሪዋ ጎብኚ የሆነባት ዕለት ማንም የማያዝንላት ትሆናለች። ቤት ሲፈርስ ሌላ ቤት «ይገኛል»፤ ሱቅ ሲቃጠል ሌላ ሱቅ «ይገኛል»። ሰው ግን በሌላ ሰው አይተካም።

ምን ይሁን?

በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይበቁናል። አንደኛ፣ ስለ አንድ ቤት ከመናገራችን በፊት በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በአዘቦት ቀንም ሄደን እንየው፤ የክምሩ ውስጥ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ተጋብዘን ከሆነ ተጋብዘን ነው እንበል፤ ዋጋውንም አንደብቅ፤ በአንድ ሲኒ ዋጋ ቤተሰብ የሚቀልብ ሰው ሳያውቅ በር ላይ ደርሶ እንዳያፍር። ሦስተኛ፣ ዕቃውን ስንጠቅስ የሠራውን ሰው ሙያም እንጥቀስ፤ ጥለቱን ያየን ሸማኔውን፣ ሳምቡሳውን የቀመስን ከዙህር ጀምራ እሳት ዳር የተቀመጠችውን እንይ። አራተኛ፣ አንዴ የጠቆምነው ቤት ወሬው ሲበርድ ተመልሰን እንግባ። ወሬ ያመጣው ሰው በወሬ ይሄዳል፤ ቤቱን የሚያቆየው ተመላሹ ነው።

የረመዷን የመጨረሻ ዐሥር ሌሊቶች በመጡ ቁጥር ባዛሩና መስጊዱ በአንድ ሰዓት ይጠሩናል። በዚያ ጊዜ የትኛውን ማስቀደም እንዳለብን አንባቢ ከእኔ አይማርም። ነገር ግን ለልጆቹ የዒድ ልብስ ሊገዛ የወጣ አባት፣ የሻጭዋን ድካም አይቶ ሳይከራከር ቢከፍልና «ዒድ ሙባረክ» ብሎ ቢወጣ፣ ገበያውም የዒባዳ ቦታ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ጥሩ ቤት እየፈለግን ያለን ሁሉ መጀመሪያ ጥሩ ደንበኛ እንሁን።

ወላሁ አዕለም።