ስለ ጥቂቶች ደዌ የሚወጣ ገንዘብ

የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ለአገሩ ገንዘብ እንዲያዋጣ ቢጠየቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው በአገራቸው መንገድ አሠርተዋልና። ዳሩ ግን መንገድ ወዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይታወቃል። ከብዙ ሺህ ሰው መካከል አንዱን ብቻ ለሚይዝ ነቀርሳ፥ ያውም ምርምሩ ገና ሲጀመር፥ ገንዘብ ስጥ ቢባልስ? «ወባ ብዙውን ሰው ሲገድል፥ ፍሬው ላልታወቀ ነገር ስለ ምን ይወጣል?» ብሎ ቢመልስ ከንፉግነት የመጣ አይደለም። የሚገባ ጥያቄ ነውና መልስ ያሻዋል።

ዴኒስ በርኪት የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም በኡጋንዳ ሲያገለግል መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን አይቶ በ1958 ስለ ደዌያቸው ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ በአሮጌ መኪና ብዙ የአፍሪቃ አገሮችን ዞሮ ደዌው የት እንደሚገኝና የት እንደማይገኝ መረመረ፤ ሙቀትና ዝናም ባለበት ቆላ እንደሚበዛ፥ በደጋም እንደማይታይ ተረዳ። ለዚህ ሥራ ያገኘው ርዳታ እጅግ ጥቂት ነበረ። በዚያው ዓመት በለንደን ሲናገር የሰማው ማይክል ኤፕስታይን ከእብጠቱ ናሙና እያስመጣ መረመረ፤ በ1964ም ከአቾንግና ከባር ጋራ አዲስ ቫይረስ ማግኘቱን አስታወቀ። በሰው ላይ ነቀርሳ ከሚያመጡት ቫይረሶች በመጀመሪያ የታወቀው ይህ ነው። ኋላም በሌሎች የነቀርሳ ዓይነቶች ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ የጥቂት ሕፃናት ደዌ ለብዙዎች የሚጠቅም ዕውቀት ከፈተ ማለት ነው።

ደግሞም ጥቂት የሚባለው ደዌ ጥቂትነቱ የሚታወቀው ሕዝቡ ሲቈጠር ነው። በ1986 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በቡታጅራ ዙሪያ በ10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። መዝገቡ በተከፈተበት ቀን የተፈወሰ በሽተኛ የለም። ነገር ግን ኋላ የሕፃናትን ሞት ምክንያት ለመጠየቅ መሠረት የሆነው ያ መዝገብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በደጅ የወደቀውን ሕፃን ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን ገንዘብ ነጥቆ ለምርምር መስጠት ጽድቅ አይሆንም። በርኪትም ይጠይቅ የነበረው የታመሙትን እያከመ ነው። አስቀድሞ ለታመመው ይሰጥ፤ ከተረፈውም፥ ጥቂት ቢሆን እንኳ፥ ለሚመረምረው ይከፈል። የተቀበለውም መርማሪ ሒሳቡን ይግለጥ፤ ሳያገኝ ቢቀር «አላገኘሁም» ብሎ ይናገር፤ በዚያ መንገድ ሌላው እንዳይደክም ማስጠንቀቁ ራሱ ትርፍ ነውና።

የጉራጌ ገበሬ እንሰት ሲተክል ዛሬ እንደማይበላው ያውቃል። ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው እያዛወረ ዓመታት ይጠብቀዋል፤ ጠውልጎ የሚቀርበትም አለ። ሆኖም ዛሬ ተርቤአለሁ ብሎ መትከሉን የተወ እንደ ሆነ፥ ልጁ ነገ የሚቈርጠው እንሰት አይኖረውም።